አንዲት ነጥብ

ለተሥላሴ ካርቶኑን ወደ ብርሃን አዙራ «ቡዳዓ ጓንጉል» ብላ ስታነብ፣ በበለጠች ጆሮ የገባው «ቡዳ» የሚለው ብቻ ነበር። የያዘችውን ብርጭቆ መሬት አስቀምጣ ደረቷን ደቃች። ልጄን ነው? በትምህርት ቤት? ያውም በጽሑፍ? አለች። ባሏ ጓንጉል ከደጁ ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር፣ ከውሃው ጋን ከዚሩ አጠገብ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስር ነበርና ቀና አላለም፤ አስሮ ሲጨርስ ያንኑ ፈታና እንደገና ማሰር ጀመረ። ለተሥላሴ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያደገች፣ ዐረብኛ ማንበብም እዚያው የተማረች ጎረቤት ናት። የሰፈሩን የመድኃኒት ወረቀትና የመብራት ደረሰኝ የምታነበው እሷ ስለሆነች የሰው ጉድ ከሁሉ ቀድሞ እሷ ጋ ይደርሳል። ያን ጠዋት ያነበበችው ግን እሷንም ደስ አላላትም። «ቡዳስ አይደለም፣ በለጠች» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቡዳዓ ነው የሚለው። ዕቃ ማለት ነው፣ ሸቀጥ። ያ ሎሪ ላይ የሚጫነው።» በለጠች ካርቶኑን ተቀብላ ማንበብ የማትችለውን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ «ቡዳ እኮ ሰው ነው» አለች።

ገዳሪፍ ውስጥ ያን ቃል የማያውቅ የለም። ዐረብኛው ከሰላምታና ከ«ስንት ነው» ያላለፈለት ሰው እንኳ ያውቀዋል። ሾፌር ከሾፌር ሲገናኝ ቡዳዓህ ምንድን ነው ይባባላል፤ ባለሱቅ ቡዳዓ አልገባልኝም ብሎ በአላህ ይምላል፤ በመተማ በኩል የሚሻገሩትን የሀገር ልጆች ሰብስበው ወደ ካርቱም የሚያሳልፉት ደላሎች እንኳ በስልክ ሲነጋገሩ «ቡዳዓው በሰላም ገብቷል» ነው የሚሉት። በለጠች ልጇን ከእንዲህ ያለ አፍ ለመሸሸግ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ አላስቆመቻትም፣ ሱቅ አላከቻትም፣ ሪክሻ ብቻዋን አላሳፈረቻትም። ለካ ነገሩ በር ላይ ሳይሆን መዝገብ ላይ ነበር።

ካርቶኑ የትምህርት ቤት ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጆች «የዓለም ሕዝቦች ቀን» የሚሉት ነገር አላቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ በዕጣ አንድ አገር ይወጣለታል፣ የአገሩን አለባበስና አኗኗር፣ ከዚያም አገሩ ካፈራቸው ትልልቅ ሰዎች የአንዱን ታሪክ አጥንቶ በወላጆች ፊት ቆሞ ይናገራል። ለአንዱ ህንድ፣ ለአንዱ ቱርክ፣ ለአንዱ ብራዚል ሲደርሰው የጓንጉል ልጅ ብፅአት ዕጣ አላነሣችም። ለእሷ ምን ዕጣ ያስፈልጋታል ተብሎ ሐበሻ ተሰጣት፤ ትልቁም ሰው ነጃሺ፣ ሱዳን ውስጥ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው የሐበሻ ንጉሥ ሆነ። ከካርቶኑ ላይ ዘውዱን፣ ባሕሩንና ጀልባውን የሣለችው ራሷ ናት። ስሟን ግን ከላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም የጻፈው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ከመዝገብ ገልብጦ። ልጅቷ ዛሬ ወንበር ለመደርደር ማልዳ ስትሄድ ካርቶኑን አልጋዋ ላይ ጥላው ሄደች። ረስታው አይደለም። ሰኞ ዕለት አባቷን ሐሙስ ና ብላው፣ እሱም እሺ ብሎ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ከርሟል። ካርቶኑን ለማድረስ ሲል የግዱን ይመጣል ብላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐረቦች ፀ የለቻቸውም። በእሷ ፈንታ ሷድ የምትባል ፊደል አለች፤ ዷድ የምትባል እኅትም አለቻት፤ ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ዷድ ላይ አንዲት ነጥብ መቀመጧ ብቻ ነው። ብፅአት የሚለው ስም በሷድ ሲጻፍ ለዐረብ ጆሮ ምንም ትርጉም የለውም። ነጥቧ ስትቀመጥ ግን ቡዳዓ ይሆናል። መምህርቷ ሲት ዘኪያ ይህን ከልጅቷ አፍ ስትሰማ አዝናለች። ትርጉም የሌለው ስም ክፉ ትርጉም ካለው ይሻላል፣ ነጥቧን በምላጭ ፍቄ አነሣታለሁ፣ ብቻ ስሙን ያወጣው አባትሽ መጥቶ በአፉ ይናገር፣ የወላጆች ኮሚቴው ሊቀ መንበርም ይፈርምበት አለቻት። እሑድ የመጪው ዓመት ተፈታኞች ስም ዝርዝር ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላካል። ከዚያ በኋላ ያ ስም ሰርተፊኬቷ ላይ ነው፣ መታወቂያዋም ላይ ነው፣ ብታገባም የጋብቻ ወረቀቷ ላይ፣ ብትሞትም የሞት ወረቀቷ ላይ ነው። ጓንጉል ይህን ሁሉ ሰኞ ሰምቷል፤ ለበለጠች ያወጣው ግን ገና አሁን፣ ካርቶኑ ሲነበብ ነው።

በለጠች አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለው ነበር። «አንተ ነህ ያስመዘገብካት» አለች ብቻ። እሱም የዐረብ ምላስ ነው፣ እነሱ የኛን ስም መቼ አስተካክለው ጠርተው ያውቃሉ፣ እኔንስ ጋንጉል አይደል የሚሉኝ አለ። ሰባት ዓመት ማሕፀኗ ዘግቶ፣ ሁለት ሕፃናት ደግሞ ተወልደው ሳያለቅሱ ቀብራ፣ ኡም ጋርጉር በጭቃ ከተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተንበርክካ ይህችን ልጅ ከሰጠሽኝ ጥላ አገባለሁ ብላ የተሳለችው እሷ ናት። ብፅአት በግእዝ ስለት ማለት ነው፣ በያት ያሏት መሪጌታ ወልደ ማርያም ናቸው። ለተሥላሴ ይህን የስለት ታሪክ ከመቶ ጊዜ በላይ ስለሰማችው አሁን ደግሞ እንዳትሰማው ጋዙን ላጥፋው ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በለጠች ከሣጥን ውስጥ የፋሲካውን ሸሚዝ አውጥታ ባሏ ጉልበት ላይ አኖረችለት። «ነጥቧን አስነሥተህ ና» አለችው።

ጓንጉል ያልነገራት ነገር አለ። ለማንም አልነገረም። ከሰባት ዓመት በፊት ልጅቷን ሊያስመዘግብ ሲሄድ የልደት ወረቀት አልነበራትም፤ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ቁረይሻ በሚባለው የእርሻ አገር ዳስ ውስጥ የተወለደች ልጅ ከየት ወረቀት ታመጣለች። ጸሐፊው ያለ ወረቀት አይሆንም ብሎ መዝገቡን ሊከድን ሲል እንዲያው ለወሬ ያህል ስሟ ማን ነው አለው። ብፅአት አለ። ጸሐፊው ደገመውና ሳቀ፤ ጻፈው፤ ነጥቧን ከላይ አኖረባትና ለጓደኛው አሳየው፤ ጓደኛውም ሳቀ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ልጅህን ቡዳዓ አልካት?» ጓንጉልም ሳቀ። ሱዳን በኖረበት ዘመን ሁሉ የተማረው አንድ ትምህርት ቢኖር ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅን ነው፤ የሚስቅ ሰው አይመታም፣ ወረቀትህን አሳይ አይባልም። በሳቁ መሐል ጸሐፊው ማኅተሙን አነሣና መታለት፤ የሳቁበትን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ይከብዳል። ጓንጉል ያን ቀን በደስታ ወደ ቤቱ የሮጠው ልጁን በነፃ ያስገባ መስሎት ነው።

ከትምህርት ቤቱ በፊት ገበያውን ማለፍ ነበረበት። እሱ የእህል ገበያው ተሸካሚ ነው፤ ሰሊጥ በጆንያ ከሎሪ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ሎሪ ያመላልሳል። ዓመቱ የደቡቡ አገር ሊገነጠል ነው፣ አይገነጠልም እየተባለ በየሬዲዮው የሚወራበት ዓመት ነበርና ነጋዴው ሁሉ እህሉን ይዞ ዋጋ ይጠብቃል፤ ዘይት ወጥቷል፣ ስኳር ወጥቷል፣ የተሸካሚ ዋጋ ብቻ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የመጋዘኑ ወኪል ፈቃድ ሲጠየቅ እንደ ወትሮው ተቆጣ፤ ለልጄ ትምህርት ቤት ነው ሲለው ግን ሂድ፣ ባለቤቱም የኮሚቴው አለቃ ሆኖ እዚያው ነው የዋለው አለው። ባለቤቱ የሚለው የመጋዘኑን ጌታ ሐጅ ሰልማንን ነው። የሐጅ ሰልማን ልጅ ሂያም ከብፅአት ጋር አንድ ክፍል ነች፤ የወላጆች ኮሚቴው ሊቀ መንበር ማን እንደሆነ ጓንጉል ያን ጊዜ ነው የገባው።

ከተሸካሚዎቹ መሐል ሱለይማን የሚባል የመተማ ሰው አለ፤ ቁርአን የቀራ፣ ዐረብኛው ከሱዳኖቹ የማይተናነስ። ጓንጉል ወደ ጥግ ወስዶ ስለት በዐረብኛ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀው። ሱለይማን ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ «ነዝር» አለው። ደግሞም፣ ለማን ልትሳል ነው፣ የኔን ወገብም አብረህ ጨምርልኝ ብሎ ቀለደበት። ጓንጉል ቃሏን ይዞ ወጣ። ካርቶኑን በብብቱ ሸጉጦ፣ የእህል ጎተራውን፣ የሶመዐውን ረጅም ግንብ ታክኮ፣ ውሃ የሚሸጡትን የአህያ ጋሪዎች እያለፈ «ነዝር፣ ነዝር፣ ቢንቲ ነዝር» እያለ ሄደ። ልጄ ስለት ናት ማለት ነው። አንድ ጋሪ ነጂ የሚያናግረው መስሎት ስንት በርሜል ነው የምትፈልገው አለው።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሩንና ድምፅ ማጉያውን የከፈለው ሐጅ ሰልማን መሆኑ በጨርቅ ተጽፎ ተሰቅሏል። ግድግዳው ዙሪያ ጠረጴዛ ተደርድሮ በየጠረጴዛው አንድ አገር ቆሟል። ህንድ የሆነችው ሂያም ናት፤ የእናቷን ቶብ፣ የሐሩን መጎናጸፊያ ተጠምጥማ ግንባሯ ላይ ቀይ ነገር ተለጥፎላታል፤ ከጎኗ አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ በመነጽር ተሥሏል፣ ጨው ሊያፍስ በእግሩ ወደ ባሕር የሄደ ሰው ነው። ቱርክ ቀይ ቆብ አድርጋለች። ብራዚል ኳስ ይዞ ቆሞ ማንም ሰው ስለ ኳስ ተጫዋቹ ከመጠየቁ በፊት ልጆቹ ኳሱን ወስደውበት መጫወት ጀምረዋል። ጃፓን አልቅሳ ዓይኗ ላይ የተኳለችው ኩል ፈሷል። እናቶቹ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው የቶብ ዋጋ ይጠያየቃሉ፣ ያንቺ ከካርቱም ነው ከዱባይ ይባባላሉ። ጓንጉል ከኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ቆመ። የፋሲካ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ጠቦታል። አንዲት ሴትዮ ከተላላኪዎቹ አንዱ መስሏት ባዶ ብርጭቆ ሰጠችው፤ እሱም ተቀብሎ የሚያኖርበት ፈልጎ አኖረላት።

ብፅአት ካርቶኑን ስትቀበለው አላመሰገነችውም፤ እጁን ግን ለአፍታ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ለዓመታት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ቡዳዓ ሲሏት አቤት እያለች፣ ሲጽፉባት እያየች፣ ሂያም አንድ ቀን ጀርባዋ ላይ «አርባ ኪሎ» የሚል ወረቀት ለጥፋባት ስትዞር ውላ፣ ሁሉንም ችላ ቤት ስትገባ ብፅአት እየሆነች ሰባት ዓመት ኖራለች። ለእናቷ አልተናገረችም፤ እናቷ እንዳታዝን ብላ ነው። ለአባቷም እስከ ሰኞ ድረስ አልተናገረችም፤ አባቷ እንደሚያውቅ ግን ታውቃለች። በቤታቸው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም አይናገረውም።

ሲት ዘኪያ ቀጭን፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ጓንጉልን ወደ ድንኳኑ ጥግ አስጠርታ መዝገቡን ገልጣ አሳየችው፤ በጣቷ ነጥቧን ጠቆመችለት። ከትንኝ አትበልጥም። ምላጩን በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። ልጅህ ንግግሯን ስትጨርስ እጠራሃለሁ፣ ሁለት ቃል ብቻ ትናገራለህ፣ ሐጅ ሰልማን ይፈርማል፣ አለቀ አለችው። የልደት ወረቀትስ አላለችም። ጓንጉል ግን ከሷ አፍ ያልወጣውን ሰማ። ሊቀ መንበሩ ሊፈርም መዝገቡን ሲያይ ከስሟ አጠገብ ያለውን የልደት ወረቀት ባዶ ቦታ ቢያይስ? ያለ ወረቀት ማን አስገባት ቢልስ? ነጥብ ሊያስነሣ መጥቶ ልጅቷን ራሷን ቢያስነሣትስ? እንዲህ እያሰበ ቆመ። ፍርሃቱ እውነት ይሁን ማመካኛ እሱም ለይቶ አያውቀውም፤ ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ጥሩ ምክንያት አያጣም።

ተራዋ ደረሰ። የበለጠችን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በቢጫ ወረቀት የሠራችውን ዘውድ ደፍታ ወጣች። ዐረብኛዋ የተጣራ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማት የገዳሪፍ ልጅ ናት። ሰዎች አገራቸው አሳድዳቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ አለች። ምንም አልነበራቸውም። አሳዳጆቻቸው ከኋላ ተከትለው ለንጉሡ ስጦታ ላኩለት፣ ጥሩ ጥሩ ቆዳ፣ ሰዎቹን መልስልን ብለው። መኳንንቱ ይመለሱ አሉ። ንጉሡ ግን አስቀድሜ ልስማቸው አለ። ሰማቸው፣ አለቀሰም። ከዚያ ስጦታውን ለአምጪዎቹ መለሰ፣ ሰዎቹን አስቀረ፤ የወርቅ ተራራ ብትሰጡኝ እንኳ አንዱን አሳልፌ አልሰጥም አለ። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ሐጅ ሰልማን በመሐረቡ ዓይኑን ጠረገ። ባለፈው ክረምት ቁረይሻ ያረሙለት አምስት የሀገር ልጆች ደመወዛችንን ብለው ደጁ ሲቆሙ ወረቀት የላቸውም ብሎ ለፖሊስ ያስረከባቸው ይኸው ሰው ነው። እንባው ግን የውሸት አልነበረም። ሰው ስለ ሩቅ ዘመን ሲሆን ማልቀስ አያቅተውም።

ሲት ዘኪያ ድምፅ ማጉያውን ተቀብላ ይቺ ልጅ የራሷም ታሪክ አላት አለች። ስሟ መዝገብ ላይ ሲጻፍ አንዲት ነጥብ በስሕተት ገብታበታለች፣ ዛሬ አባቷ የስሟን ትርጉም ሊነግሩን መጥተዋል፣ እኛም በፊታችሁ እናርመዋለን ብላ በእጇ ጠራችው። ጓንጉል ከግድግዳው ተላቆ በወንበሮቹ መሐል መጣ። መንገዱ ረጅም ሆነበት። ልጁ ዘውዷን እንደ ደፋች ታየዋለች፤ እሱ ግን የሚያየው መሬቱን ነበር። ከፊት ወንበር የሚያውቀው ድምፅ ጠራው።

«ጋንጉል! አንተ ነህ እንዴ? ይቺ ያንተ ናት?»

«አይዋ ያ ሐጅ፣ የኔ ናት።»

«ቡዳዓ ብለህ ነው ስም ያወጣህላት?»

ሐጅ ሰልማን ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም። እየሳቀ ነው የጠየቀው፤ ደስ ብሎታል፤ የገዛ ተሸካሚው ልጅ እንዲህ መናገሯ የሱም ክብር ሆኖ ተሰምቶታል። ጥያቄው የተከፈተ በር ነበር። የለም ያ ሐጅ፣ ነዝር ናት፣ ለፈጣሪ የተሰጠች ናት ብሎ መግባት ነበር። ቃሏ አፉ ውስጥ ነች፤ ከሶመዐው ጀምሮ ሲያላምጣት መጥቷል። ነገር ግን ጌታው እየሳቀ ነው፤ ከጌታው ኋላ ያሉትም መሳቅ ጀምረዋል፤ ጓንጉል ደግሞ በሚስቅ ሰው ፊት ፊቱን ቋጥሮ መቆም መቼም ለምዶት አያውቅም። ጥርሱ ከሐሳቡ ቀድሞ ተገለጠ።

«አይዋ ያ ሐጅ፣ ቡዳዓ ናት» አለ። «ግን የተበጠረች ቡዳዓ ናት፤ አፈር ያልተቀላቀለባት።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የሰሊጥ አገር ነውና ቀልዱ ለማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሐጅ ሰልማን ጭኑን እየመታ፣ ታዲያ ሚዛን ላይ እናውጣታ አለ። አንዱ ነጋዴ ከኋላ የዛሬ ዋጋ ጠየቀ። ሌላው እኔ ካርቱም ወስጄ ብሸጣት አተርፋለሁ አለ። ጓንጉል ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ በሳቁ መሐል አንድ ጊዜ ነዝር ለማለት አፉን ያሰናዳ መስሎት ነበር፣ ግን የሰማው የለም፣ እሱም አልደገመውም። ሂያም ከህንድ ጠረጴዛ ሆና ታጨበጭባለች። የሳቅ ያህል ቶሎ የሚጋባ ነገር የለም፤ እልል ያለችው ሴትዮ ራሷ አፏን በቶቧ ጫፍ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

ሲት ዘኪያ አልሳቀችም። ሳቁ ሲበርድ ወደ ጓንጉል ጠጋ ብላ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ እንግዲህ ምን ልጻፍ አለችው። እሱ ወደ ሐጅ ሰልማን አየ። ሐጅ ሰልማን እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ፣ አባትየው ካለ አለ ነው፣ ስም ያወጣው እሱ፣ እኛ ምን አግብቶን ብሎ መዝገቡን ተቀበለና ፈረመ። ባዶ ቦታውን ያየ፣ ወረቀቱንም የጠየቀ የለም። ፍርሃቱ ለከንቱ ነበር። መምህርቷ ምላጩን በወረቀቱ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ብፅአት በዚህ ሁሉ ጊዜ አባቷን አላየችውም፤ የምታየው የመምህርቷን እጅ ነበር። ቦርሳው ሲዘጋ ዘውዷን ከራሷ አወረደች፣ እንዳይቀደድ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ ከዚያ ሲያጨበጭቡላት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ጓንጉል ከአንድ የጥላ ሥር ሻጭ ቀዝቃዛ ከርከዴ ገዝቶ ሰጣት፤ ተቀበለችውና ሳትቀምሰው ያዘችው፤ በረዶው በመንገድ ላይ ቀልጦ ብርጭቆው ላብ ወረደው። ንግግርሽ ጥሩ ነበር አላት። ሐጅ ሰልማን እኮ አልቅሷል፣ አየሽው? አላት። እርምጃዋን አፈጠነች። የሶመዐውን ግንብ ሲያልፉ፣ እሱ እንዲያው ቀልድ ነው፣ ሰው ነገ ይረሳዋል፣ ትምህርቱ ነው ዋናው አላት። ቀጥሎ ሊነግራት የፈለገው የዚያን ጸሐፊ ነገር ነበር፤ ያለ ወረቀት እንዴት እንዳስገባት፣ ያቺ ነጥብ ባትኖር ዛሬ ዐረብኛ ተናጋሪ ሳትሆን የሰው ቤት ዕቃ አጣቢ እንደምትሆን። ነገር ግን ይህንን ሲያስበው ራሱ ላይ የሚመሰክር ሆኖ ታየውና ተወው። ሰፈር ሊገቡ ሲሉ «ለእናትሽ ተነሥታለች እንበላት» አለ። ልጅቷ ከርከዴውን መሬት ላይ ደፋችው፤ ብርጭቆውን ይዛ ዞር ብላ ለሻጩ ለመመለስ ብቻዋን ሄደች፤ እሱ እዚያው ቆሞ ጠበቃት።

በለጠች ደጅ ላይ ነበረች። ቤቱ ተጠርጓል፣ ምሳ ቀርቧል፤ ለበዓል ካልሆነ የማይወጣው የሸክላ ሳህን ወጥቷል፣ ለተሥላሴም ተጠርታ ራኩባው ሥር ተቀምጣለች። ሰላምታ የለም። «ተነሣች?» አለች በለጠች።

«ተነሥታለች» አለ ጓንጉል።

እልልታዋ ሁለት ቤት አልፎ ተሰማ። ለተሥላሴም ጣቶቿን አጥፋ አጥፋ ሦስት ጊዜ ሳመች። በለጠች ካርቶኑንም ልጅቷንም ባንድ ላይ አቀፈቻቸው፤ እመቤቴ አላሳፈረችኝም፣ ጥላሽን ደግሜ አገባለሁ አለች፣ ባሏን እንኳ፣ ሸሚዝህ አምሮብሃል፣ ቁጭ በል አለችው። ጓንጉል ተቀመጠ፣ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ይኸው አለቀ ብሎ አሰበ። በለጠች የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ «ብፅአት» አለቻት። ልጅቷ አልመለሰችም። «ብፅአቴ፣ ምነው?» አለቻት ደግማ። ልጅቷ የእናቷን እጆች ከፊቷ ላይ ቀስ ብላ አወረደቻቸው።

«ማ ኢስሚ» አለች። ወዲያው እናቷ አልሰማችው እንዳትሆን ብላ ወደ አማርኛ መለሰችው። «ስሜ አይደለም። አባዬ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ቡዳዓ ናት ብሏል። ተፈርሞበታል። ከእንግዲህ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ መሆን ደክሞኛል፤ እዚህም እንደዚያው በሉኝ።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ የቤት ሥራ እንደምታነብ ነው የተናገረችው። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ በራኩባው ጎን አልፋ፣ እጇ ላይ የቀረውን ቢጫ ቀለም ለመታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች። ለተሥላሴ ዓይኗን ካርቶኑ ላይ ጣለች፤ ነጥቧ እዚያው ነበረች፤ ለበለጠች ግን አልነገረቻትም። በለጠች ወደ ባሏ ዞረች። ጓንጉል አንድ ጫማውን በእጁ እንደ ያዘ ቀና አለ፤ ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ነበረች፣ ከጉሮሮው ያለፈች አይመስልም። ማንም አብሮት ስላልሳቀ ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን ቀረች።

ምሳው እየቀዘቀዘ ነው። ከጓሮ ውሃ ሲቀዳ ይሰማል። በለጠች ወደዚያ አቅጣጫ ዞራ ልጇን ልትጠራ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን ስንት ጊዜ የጠራችው ስም ምላሷ ላይ መጥቶ ቆመ። ሌላውን ልትል አልቻለችም፤ ያንን ብትል ደግሞ የምትመልስላት የለችም። ለተሥላሴ አንገቷን ደፋች። ጓንጉል ጫማውን መሬት አኖረ።

«አንቺ» አለች በለጠች። «ነይ ምሳሽን ብይ።»